ጋዜጣን ስለሚንቁ ሰዎች

«ጋዜጣ የአንድ ቀን ነገር ነው፤ ነገ የስኳር መጠቅለያ ይሆናል፤ ድርሰት የሚባለው በመጽሐፍ የተጠረዘው ብቻ ነው» የሚሉ የተማሩ ሰዎች አሉ። ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ይህን አነጋገር አትቀበል። ሐሰት መሆኑን የአሜሪካ ጥቁር ሕዝብ የድርሰት ታሪክ ይመሰክራልና።

ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቈጣጠር ልጻፍ። በ1827 ሳሙኤል ኮርኒሽና ጆን ራስወርም የመጀመሪያውን የጥቁሮች ጋዜጣ «ፍሪደምስ ጆርናልን» በኒው ዮርክ ሲያቋቁሙ፥ በደቡቡ ክፍል ወገኖቻቸው እንደ ከብት ይሸጡ ነበር። የመጽሐፍ አሳታሚ በር ለጥቁር ደራሲ እምብዛም የማይከፈት ስለ ነበረ፥ ግጥሙም ልብ ወለዱም መጠጊያ ያገኘው በጋዜጣ ዓምድ ላይ ነው።

ማርቲን ዴላኒ ከአገር ወደ አገር እየዞረ ባሮችን ለዐመፅ የሚያሰናዳ ሰው ታሪክ ጻፈ፤ ስሙን «ብሌክ» አለው። ይህ ልብ ወለድ ከ1861 እስከ 1862 በ«ዊክሊ አንግሎ አፍሪካን» ጋዜጣ ሳምንት በሳምንት ወጣ። መጽሐፍ የሆነው በ1970 ነው፤ ለዚያውም ጐደሎ ሆኖ። የጋዜጣው ቅጠሎች ስላልተሟሉ የመጨረሻዎቹ ምዕራፎች እስከ ዛሬ አልተገኙም፤ ዐመፁ በምን እንደ ተፈጸመ የሚነግረን የለም። እንግዲህ የጠፋው የስኳር መጠቅለያ ነውን? ናቂዎቹ ይመልሱልን።

ፍራንሲስ ሃርፐርም «ክርስቲያን ሪኮርደር» በሚባል የቤተ ክርስቲያን ጋዜጣ ሦስት ልብ ወለዶች አወጣች። ፍራንሲስ ስሚዝ ፎስተር የምትባል ተመራማሪ ከአሮጌ ጋዜጣ ለቅማ በ1994 በመጽሐፍ እስክታሳትማቸው ድረስ ተረስተው ኖሩ።

«ጋዜጣ ያስቸኵላል፥ ብዕርንም ያበላሻል» ይላሉ ደግሞ። ላንግስተን ሂዩዝ በ1943 በ«ቺካጎ ዲፌንደር» ዓምዱ ላይ ሲምፕል የተባለውን ተራ የሃርለም ሰው ማናገር ጀመረ። ሰውዬው የሚናገረው የአንባቢውን የራሱን የዕለት ቋንቋ ነበር። በ1950 ከዚያ ዓምድ መጽሐፍ ወጣ፤ የትኛው ብዕር ነው የተበላሸው? በጋዜጣ የወጣ ሁሉ ድርሰት ነው አላልሁም፤ የጸጕር ማለስለሻ ቅባት ማስታወቂያም ሞልቶበት ነበር።

የእኛም ነገር በዚያ አለ። በ1935 ጣሊያን ሲወረን «ፒትስበርግ ኩሪየር» ጆኤል ሮጀርስን ወሬ እንዲልክ ወደ ኢትዮጵያ ሰደደው፤ ጆርጅ ስካይለርም በዚያው ጋዜጣ ስለ ኢትዮጵያ የሚተርክ ልብ ወለድ በብዕር ስም በተከታታይ አወጣ። በዚያን ዘመን የፒትስበርግ ጥቁር ሠራተኛ ስለ እኛ ያነበበው፥ በየሳምንቱ በሳንቲም ከሚገዛው ከዚያ ወረቀት ላይ ነው።