ለእድር የሚተጋ፥ ለትምህርት ቤት የሚያንቀላፋ

እናንተ ፊደል ቆጥራችሁ መጽሐፍ ለማንበብ የበቃችሁ ወጣቶች ሆይ፥ የእድራችሁ ዳኛ ማን እንደ ሆነ፥ መዝገቡን ማን እንደሚጽፍ፥ ገንዘቡንም ማን እንደሚይዝ ብትጠየቁ ወዲያው ትመልሳላችሁ። የትምህርት ቤታችሁ ቦርድ አባሎች እነማን ናቸው ብትባሉስ? ከዐሥራችሁ አንዱ ስማቸውን አስተካክሎ ቢጠራ እጅግ ይገርመኛል። ልወቅሰው የተነሣሁት ነገር ይህ ነው፤ የምወቅሰውም ሹሙን ብቻ ሳይሆን መራጩን ጭምር ነው።

በእድር ስብሰባ ላይ ድንኳኑ ተቀድዶ የተመለሰ እንደ ሆነ፥ ወይም ከወጡት ድስቶች አንዱ የጐደለ እንደ ሆነ፥ «ማን ተረከበው? ማንስ መለሰው?» ተብሎ ይጠየቃል። መዝገብ ይገለጣል፤ ያጐደለው ይከፍላል፤ ከቀብር የቀረውም ይቀጣል። ገንዘብ ያዡ ሒሳቡን በሰው ፊት ሳያነብ ከኀላፊነቱ አይወርድም። ይህን ሥርዓት ያስተማረን የውጭ አገር ሊቅ የለም፤ ከሕዝቡ ከራሱ ልብ የወጣ ነው። እንግዲህ ለሙታን መቅበሪያ ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ሕዝብ፥ በሕይወት ላሉት ልጆቹ መማሪያ ገንዘብ አውጥቶ ሲያበቃ «በምን ላይ ዋለ?» ብሎ ለመጠየቅ የሚያፍረው ስለ ምንድር ነው?

«ሥልጣን የለንም» የሚል መልስ እንደሚሰጠኝ ዐውቃለሁ። ይህ ግን እውነት አይደለም። ትምህርት ቤትን ለአካባቢው ሰው የማስጠበቅ ሐሳብ በአገራችን ከቆየ ብዙ ዘመን ሆኖታል። በ1940 ዓ.ም. በመሬት ላይ የትምህርት ግብር ሲጣል የአካባቢ የትምህርት ቦርዶችም እንዲቋቋሙ ታዝዞ ነበር፤ ዳሩ ግን ብዙው ገበሬ ግብሩን እየከፈለ ልጁ የትምህርት ቤት ደጅ ሳይረግጥ አደገ። በደርግም ዘመን በ1976 ዓ.ም. የትምህርት ቤቶችን አስተዳደር ለማጠናከር አዋጅ ቁጥር 260 ወጣ። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ አስተዳደሩ ወደ ታች እንዲወርድ ደነገገ፤ በ1994 ዓ.ም. የትምህርት ሚኒስቴር ያወጣው መመሪያም የቀበሌ ትምህርትና ሥልጠና ቦርድንና ወተመህ እያልን የምንጠራውን የወላጅ፥ የተማሪና የመምህር ኅብረት ተግባር ለይቶ ጻፈ። የዓመቱን ዕቅድ መርምሮ ማጽደቅ፥ የገንዘቡን አወጣጥ መቈጣጠር፥ የመምህሩንና የተማሪውን መቅረት መከታተል የእነርሱ ሥራ ነው። ሥልጣኑ በወረቀት ላይ አለ፤ የጠፋው ወረቀቱን አንብቦ «ይህ የእኔ ነው» የሚል ሰው ነው።

ለምሳሌ ያህል አዴትን እንውሰድ። አዴት የይልማና ዴንሳ ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን፥ ከባሕር ዳር ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ከ40 ኪሎ ሜትር ጥቂት አለፍ ብላ ትገኛለች። ዙሪያዋ ጤፍና ድንች፥ ስንዴና በቆሎ የሚያበቅል የገበሬ አገር ነው። ትንሽ ከተማ ናት፤ ነገር ግን ትምህርት ቤቷ ለከተማዋ ልጆች ብቻ የተሠራ አይደለም። ስለ አዴት የምናገረው ለፍኖተ ሰላምም፥ ለቡሬም፥ ይህን ለመሰለ ከተማ ሁሉ የሚሠራ ስለ ሆነ፥ አንዱን ትምህርት ቤት ለይቼ የከሰስሁ አይምሰላችሁ።

በእንዲህ ያለ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ከሆኑት ውስጥ ብዙዎቹ የገበሬ ልጆች ናቸው። ሦስት አራት ሆነው አንዲት ጠባብ ክፍል ይከራያሉ። ዓርብ ከትምህርት ሲወጡ ወደ አገራቸው በእግራቸው ይገሠግሣሉ፤ እሑድ እንጀራውን፥ በሶውን፥ ሽሮውንና በርበሬውን ተሸክመው ይመለሳሉ። ሐሙስ በደረሰ ጊዜ እንጀራው ይሻግታል፤ ሻጋታውን ጠርገው ይበሉታል። ሴቲቱ ልጅ ደግሞ ከዚህ ሁሉ በላይ የመንገድ ፍርሃት አለባት፤ በተከራየችበትም ቤት ለደኅንነቷ ዋስ የሚሆናት ዘመድ የለም። እንግዲህ ትምህርት ቤት ጠባቂ ያስፈልገዋል ከተባለ፥ ከእነዚህ ልጆች ይልቅ ጠባቂ የሚያስፈልገው ማን ነው?

የወላጆች ስብሰባ የሚጠራው ግን እንዴት ነው? ብዙ ጊዜ በሥራ ቀን፥ በልጁ እጅ በተላከች ቁራጭ ወረቀት ነው። ልጁ ወረቀቷን ለአባቱ የሚያደርሰው ቅዳሜ ነው፤ ስብሰባው ግን ረቡዕ አልፏል። ደርሶለት የመጣም ገበሬ ሦስት ሰዓት ተጕዞ፥ ጋቢውን ተከናንቦ፥ ዱላውን ተደግፎ ከኋላ ይቀመጣል። ከፊት ያሉት የከተማ ሰዎች ተናግረው ተናግረው ሲጨርሱ እጁን ያነሣል፤ ሰብሳቢውም «አባታችን፥ ሰዓት ሄዷል፥ በአጭሩ!» ይለዋል። ወዲያው ምርጫ ይባላል። አስቀድመው የታሰቡት ስሞች ይጠራሉ፤ ሰው ያጨበጭባል፤ ቃለ ጉባኤው ይፈረማል። ይህ ምርጫ ነውን? ለማኅበር ሙሴ እንኳ እንዲህ ባለ ችኰላ አይመረጥም!

በእንዲህ ያለ ጭብጨባ የተመረጠ ቦርድ የሚያውቀው አንድ ሥራ ብቻ ነው፤ እርሱም መዋጮ መጣል ነው። ለወንበር፥ ለዘበኛ፥ ለወረቀት፥ ለአጥር እየተባለ ይጠየቃል። መዋጮውን አልነቅፍም፤ የአገራችን ትምህርት ቤቶች ግድግዳ ገበሬው ባመጣው ግንድና በተሸከመው ድንጋይ የቆመ መሆኑን ሁላችሁ ታውቃላችሁ። የምነቅፈው ልመናው ወደ ግብር መለወጡን ነው። የ1986ቱ ፖሊሲ እስከ 10ኛ ክፍል ድረስ ትምህርት በነጻ እንዲሰጥ ወስኗል። እንዲህ ሳለ መዋጮ ያላመጣ ልጅ ከክፍል ተመለስ ሲባል፥ ያ ልጅ የሚመለሰው ወደ ጐረቤት ሳይሆን የግማሽ ቀን መንገድ ወደሚርቅ ቤት መሆኑን ቦርዱ አስቦት ያውቃልን? ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮም በተማሪው ቍጥር ልክ እየተሰላ ለትምህርት ቤቶች የድጎማ ገንዘብ ሲሰጥ ቆይቷል። ያን ገንዘብና መዋጮውን ባንድ ወረቀት ላይ ገቢና ወጪ አድርጎ በበሩ ላይ መለጠፍ ምን ይከብዳል? ሒሳቡ ንጹሕ ለሆነ ሰው ከባዱ ነገር ሙጫ መፈለጉ ብቻ ነው።

ሌሎች ደግሞ ኰራ ብለው «ገበሬ ስለ ትምህርት ምን ያውቃል?» ይላሉ። ይህን የሚሉት ሰዎች የጎጃምን ታሪክ የረሱ ናቸው። ዋሸራ፥ ደብረ ኤልያስና ዲማ የቅኔና የመጽሐፍ አገር የሆኑት በማን እንጀራ ነው? ቁራሽ የሰጠው ገበሬ ሰምና ወርቁን መፍታት አልቻለ ይሆናል፤ ነገር ግን የኔታ በወንበራቸው መኖር አለመኖራቸውን ያውቅ ነበር፤ የቆሎ ተማሪው ተርቦ መሆኑን ፊቱን አይቶ ይለይ ነበር። ከቦርዱም የሚፈለገው የሒሳብ ቀመር አይደለም። መምህሩ ከክፍሉ ገብቷልን? መጽሐፉ ለልጆች ታድሏል ወይስ በሣጥን ተቈልፎበታል? የሴቶቹ መጸዳጃ ቤት በር አለውን? ውኃስ አለ? ይህን ለማወቅ ዓይንና ይሉኝታ የሌለው አንደበት ይበቃል። በአዴት የሚገኘው የእርሻ ምርምር ማዕከል እንኳ፥ ያን ሁሉ ሊቅ ይዞ፥ አዲሱን ዘር በገበሬው ማሳ ላይ ይሞክራል፤ ሐሳቡንም ይጠይቃል። ትምህርት ቤቱ ከዘር ቤቱ በምን ይበልጣል?

የእናቶችም ነገር እንዲሁ ነው። መመሪያው ሴቶች በቦርዱ ውስጥ እንዲወከሉ ያዝዛል፤ ብዙ ጊዜ ግን አንዲት ሴት ስሟ ተጽፎ ሻይ ስታስቀዳ ትውላለች። በእንግሊዝ አገር በፈረንጆች አቈጣጠር በ1870 የትምህርት ቤት ቦርዶች በሕዝብ ምርጫ ሲቋቋሙ፥ ሴቶች እንዲመርጡና እንዲመረጡ ተፈቅዶ ነበር፤ ለፓርላማ መምረጥ የተፈቀደላቸው ግን ከዚያ በኋላ በ1918 ነው። በለንደን ለመጀመሪያው ቦርድ የቀረበችው ሐኪሟ ኤልሳቤጥ ጋሬት በተወዳደረችበት ክፍል ከወንዶቹ ሁሉ የበለጠ ድምፅ አገኘች። ስንቁን የምትቋጥረው፥ ልጅቱም ስትታመም ቀድማ የምታውቀው እናት ናትና፥ በእኛም አገር ከእርስዋ የተሻለ የቦርድ አባል ከወዴት ይመጣል?

እናንተ ወጣቶች ምን አድርጉ ነው የምላችሁ? በቀበሌው ቦርድ የወጣቶች ተወካይ የሚቀመጥበት ወንበር አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀመጥበት ሰው መናገር የማይወድ ነው። ያን ወንበር ያዙት። ስብሰባውም ገበሬው በሬውን በማይጠምድበት ቀን፥ በወሩ በ12፥ በ21 ወይም በ29 ከቅዳሴ በኋላ፥ ወይም ለገበያ ወደ ከተማ በሚመጣበት ቀን እንዲሆን ጠይቁ። ገበሬው ቀድሞ እንዲናገር፥ ከተሜው እንዲከተል አስወስኑ። ማንበብ ለማይችለው ሒሳቡን ጮክ ብላችሁ አንብቡለት፤ ቃለ ጉባኤው የተናገረውን ቃል እንዲይዝለት አድርጉ። ተከራይተው የሚማሩትን ልጆች ማደሪያ እየዞረ የሚያይ አንድ አባልና አንዲት እናት እንዲመደቡ አድርጉ። ይህ ሁሉ አንዲት ብር አያስወጣም።

በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ግን ነገሩ ከዚህ ሁሉ ከፍቷል። ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ሚሊዮኖች ልጆች ከትምህርት ገበታ ተለዩ። በጠመንጃ መካከል የቆመን መምህር ወይም የቦርድ አባል «ለምን አልደፈርህም?» ብዬ ልወቅስ አልችልም፤ ነፍስ አንዲት ናት። ነገር ግን ትምህርት ቤት ሲዘጋ ወንበሩ፥ መጽሐፉ፥ የጣራው ቆርቆሮ ለማን ይቀራል? ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠችው ልጅ ተዳረች ወይስ ወደ ባሕር ዳር ለሰው ቤት ሥራ ሄደች? ይህን በየቤቱ ገብቶ ሊያውቅ የሚችለው የጐረቤቱን ደጅ የሚያውቅ ሰው እንጂ ከሩቅ ከተማ የተላከ ጸሐፊ አይደለም። የልጆቹን ስም፥ የደረሱበትን ክፍልና ያሉበትን ስፍራ የያዘ አንድ ደብተር በአንድ የታመነ ሽማግሌ ሣጥን ውስጥ ያለ እንደ ሆነ፥ በሩ በተከፈተ ማግሥት መምህሩ ማንን እንደሚጠራ ያውቃል። የእድሩ መዝገብ ከእሳትም ከዘራፊም ተሰውሮ እንዲህ ባለ ሣጥን ውስጥ ዛሬም ተቀምጧል።