የብር ዕዳን በዶላር ዕዳ መክፈል

አዳማ ላይ ያለ የዱቄት ፋብሪካ ባለቤት «ከውጭ በርካሽ ወለድ ተበድሬ የብር ብድሬን ልዝጋ» ቢል አልፈርድበትም። ብሔራዊ ባንክ በ2015 ማብቂያ የባንኮችን ዓመታዊ የብድር ዕድገት በ14 በመቶ ከገደበ ወዲህ (ጣሪያው በኋላ ከፍ ቢልም) ብድር ፈልጎ ያጣው ብዙ ነው።

ግን እስቲ ሂሳቡን እንስራው። ምንዛሪው ለገበያ በተለቀቀበት በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዋዜማ የ1 ሚሊዮን ዶላር ዕዳ በባንክ ዋጋ 57 ሚሊዮን ብር ገደማ ነበር። ታኅሣሥ 2017 ላይ ያው ዕዳ ከ120 ሚሊዮን ብር በላይ ሆነ። ዋናውን ማለቴ ነው፤ ወለዱን ገና አልነካሁትም። በወለድ አተርፈዋለሁ የተባለው ልዩነት የት ገባ? ሳፋሪኮም ኢትዮጵያን የሚያህል ኩባንያ እንኳ የብር መውደቅ ክፉኛ ጎድቶታል።

የባቱ (ዝዋይ) አበባ እርሻ ሌላ ነው። ጽጌረዳውን አውሮፓ ሸጦ ዩሮ ይሰበስባል፣ ዕዳውንም በዚያው ይከፍላል። ዱቄት ሻጩ ግን ገቢው ብር ነው።

ስለዚህ የውጭ ብድርን የሚያጸድቀው ብሔራዊ ባንክ መጀመሪያ ይጠይቅ፦ ዶላሩን ከየት ታመጣለህ? የውጭ ምንዛሪ ገቢ ለሌለው የብር ዕዳን በውጭ ብድር መተካት ይከልከል፤ ላለውም በገቢው ልክ ይፈቀድ።

«ነፃ ገበያ ነው፣ ኪሳራው የራሱ ነው» የሚሉን አሉ። የራሱ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት! የአገር ውስጥ ባንክ ዋስ ከቆመለት ግን ከፋዩ ባንኩ ነው፤ ባንኩ ውስጥ ያለው ደግሞ የሞጆና የሻሸመኔ ነጋዴ ተቀማጭ ነው።