ጨፋሪውን የማያዝ ጌም

በእርሳስ የተሳለ አንድ ልጅ፣ ሰው ከቦት፣ ወለሉ መሀል ቆሟል። ሙዚቃው ተጀምሯል፤ ልጁም በቆመበት እየተወዛወዘ ይጠብቃል። መቆጣጠሪያውን የጨበጠው ተጫዋች ስክሪኑን ቢቃኝ ከላይ የሚወርድ ቀስት አያገኝም፤ "አሁን ይህን ተጫን" የሚለውም የለም። ምን እንደሚጨፈር የሚወስነው ራሱ ነው። ለዚህ ያልተዘጋጀ ሰው መጀመሪያ ላይ ግራ ይጋባል፣ ያገኘውን ቁልፍ ይነካካል፣ ልጁም አንዴ ወደ ጎን ይረግጣል፣ አንዴ ዝቅ ብሎ በእጁ ወለሉን ይይዛል።

ጌሙ "ፍሎር ኪድስ" ይባላል። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2017 መጀመሪያ በኒንቴንዶ ስዊች፣ ቀጥሎም በኮምፒውተር ወጣ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው)። ሠሪዎቹ የካናዳዋ ሞንትሪያል ሰዎች ናቸው። ሥዕሉንና እንቅስቃሴውን የሠራው ጆንጆን በሚል ስም የሚታወቀው አኒሜተር ሲሆን፣ ሙዚቃው ኪድ ኮአላ የሚባለው የዲጄ ኤሪክ ሳን ነው። ጆንጆን ብሬክ ዳንስ ከሩቅ አይቶ የወደደ ሠዓሊ አይደለም፤ ራሱ ጨፋሪ ነው። ጌሙ ውስጥ ደህና የሆነው ነገር አብዛኛው የመጣው ከዚህ ነው።

የምት ጌም የሚባለው ዘርፍ ባብዛኛው የታዘዙትን በሰዓቱ የመፈጸም ጨዋታ ነው። የጃፓኑ ኮናሚ በ1998 ያወጣው "ዳንስ ዳንስ ሬቮሉሽን" ወለል ላይ አራት ቀስቶች አንጥፎ፣ ስክሪኑ ያሳየውን በእግር ማስረገጥ ጀመረ። በ2005 የመጣው "ጊታር ሂሮ" ያንኑ ወደ ጣት አወጣው። ሁለቱም ያዝናናሉ፤ ላብ ያስወጣሉ፣ ቤት ሙሉ ሰው ያስቃሉ። ነገር ግን ሁለት ተጫዋቾች ሙሉ ነጥብ ካመጡ አንዱ ያደረገውን ሌላውም አንድ በአንድ አድርጎታል ማለት ነው። ይህ ልምምድ ነው ቢባል ያስኬዳል። ጭፈራ ነው ለማለት ግን ድፍረት ይጠይቃል።

የዘርፉ አባት የሚባለው ጌም ግን ከመነሻው ይህን ሳያውቅ አልቀረም። ሙዚቀኛው ማሳያ ማትሱራና ሠዓሊው ሮድኒ ግሪንብላት በ1996 ለፕሌይስቴሽን ያቀረቡት "ፓራፓ ዘ ራፐር" እንደ ወረቀት የሳሳ አንድ ውሻ ራፕ ሲማር ያሳያል። አስተማሪው ያለውን በትክክል የደገመ ተጫዋች ደረጃውን ያልፋል። "ኩል" ወደሚባለው ከፍተኛ ማዕረግ የሚወጣው ግን ምቱን ሳይለቅ ከታዘዘው ወጣ ብሎ የራሱን የጨመረ ብቻ ነው። ስንቱ ተጫዋች ይህን በር ሳያየው ጌሙን ጨርሶ ዘጋው! ኋላ የመጡትም ከ"ፓራፓ" የወረሱት ትእዛዙን ነው፤ በሩን ትተውታል።

ብሬክ ዳንስ በትእዛዝ የማይሄድበት ምክንያት ከአወላለዱ ይጀምራል። ኦገስት 11 ቀን 1973 በኒውዮርክ ብሮንክስ፣ ሴጅዊክ ጎዳና ቁጥር 1520 በሆነው ሕንፃ ውስጥ፣ ሲንዲ ካምቤል የምትባል ወጣት ለትምህርት መክፈቻ ልብስ መግዣ ገንዘብ ለማግኘት መግቢያ የሚከፈልበት ፓርቲ አዘጋጀች። ሸክላውን የሚያጫውተው ወንድሟ ክላይቭ፣ በኋላ ዲጄ ኩል ሄርክ ተብሎ የታወቀው ነበር። ጨፋሪዎቹ ዘፋኙ ዝም ብሎ ከበሮው ብቻውን የሚቀርበትን አጭር ክፍል እንደሚጠብቁ አስተውሎ፣ አንድ ዓይነት ሁለት ሸክላ በማፈራረቅ ያንን ክፍል ማስረዘም ያዘ። ያ ክፍል ነው ብሬክ የሚባለው። በእሱ ላይ የሚጨፍሩት ልጆች ቢ-ቦይ፣ ቢ-ገርል ተባሉ።

እነዚህ ልጆች በሚጨፍሩበት ክበብ ውስጥ የሚገባ ጨፋሪ ዲጄው ቀጥሎ የትኛውን ሸክላ እንደሚያነሳ አያውቅም። ፊት ለፊቱ የቆመው ተፎካካሪ ምን ይዞ እንደሚመጣም አያውቅም። የሰማውንና ያየውን እዚያው መመለስ አለበት። የሌላውን ሰው እንቅስቃሴ መቅዳት ደግሞ ነውር ነው፤ "ባይቲንግ" ብለው ያዋርዱታል። ታዲያ "እንደማሳይህ ድገም" በሚል ሕግ ላይ የቆመ ጌም ይህን እንዴት ይዞ ሊሠራው ይችላል?

"ፍሎር ኪድስ" መልሱን ያገኘው ቁልፎቹን ቃላት በማድረግ ነው። ከቁልፎቹ የሚወጣው ቆሞ የሚረገጠው ቶፕሮክና ወለል ላይ በእጅና በእግር የሚሠራው ዳውንሮክ ነው። የአውራ ጣቱን ዘንግ ሲያሽከረክሩት ልጁ በጀርባው ወይም በጭንቅላቱ ይሾራል፤ ቁልፍ ይዘው ሲቆዩ በአንድ እጁ ተደግፎ ድርቅ ይላል፣ ፍሪዝ ነው። ብዙ ካሾሩት ወይም ፍሪዙን ካራዘሙት ይወድቃል። የከበበው ሕዝብም ዝም ብሎ አያይም፤ በየጭንቅላቱ ላይ በምትወጣ ትንሽ አረፋ ውስጥ የሚፈልገውን እንቅስቃሴ ስሎ ያሳያል። እሺ ማለትም፣ ሳይሰሙ ማለፍም ይቻላል። መጨረሻ ላይ ነጥቡ በአምስት ይከፈላል፦ ፈንክ፣ ፍሌቨር፣ ፍሎው፣ ፋየርና ፍላይነስ። በምት ላይ መቆም ብቻውን ሩቅ አያስኬድም። ደግሞ ደጋግሞ ያንኑ የሚያመጣ ተጫዋች ይቀጣል፤ አንዱን ከሌላው እያያያዘ የሚሄደው ይሸለማል።

ሥዕሉም ለማሳመር ብቻ የገባ አይደለም። በ2006 የእንግሊዙ ፍሪስታይልጌምስ "ቢ-ቦይ" የሚባል ጌም ለፕሌይስቴሽን 2 ሠርቶ ነበር፤ ይኸው ቡድን ነው በ2009 "ዲጄ ሂሮ"ን ያመጣው። "ቢ-ቦይ" እውነተኛ ጨፋሪዎችን በእንቅስቃሴ መቅጃ መሣሪያ ቀርጾ ወደ ባለ ሦስት ገጽታ ገላ የቀየረ፣ ብዙ የተለፋበት ሥራ ነው። መገጣጠሚያው ሁሉ ትክክል ነው። እጅ የሚያርፈው ማረፍ ባለበት ቦታ ነው። ነገር ግን አካሉ ትክክል ሆኖ ጠባዩ ቀርቷል፤ ሁሉም አንድ ልብስ ሰፊ የለካቸው ይመስላሉ። የጆንጆን መስመር በተቃራኒው ይዋሻል። እግር ከሚገባው በላይ ይረዝማል፣ ጀርባ እንደ ቀስት ይለጠጣል፣ ፍሪዝ ላይ መስመሩ ወፈር ብሎ ይቆማል። የ"ፍሎር ኪድስ" ስምንት ጨፋሪዎች አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ ቢሠሩ እንኳ ማን እንደሆነ ከጥላው ይታወቃል። ጨፋሪ ጨፋሪን የሚለየው በዚህ ነው። የእጅ ሥዕል ከካሜራ ይልቅ ለጭፈራ የሚታመንበት ጊዜ አለ፤ ሠዓሊው ክብደቱ የት ላይ እንደሚያርፍ በገዛ ጉልበቱ የሚያውቅ ሲሆን።

ሙዚቃውስ? ኪድ ኮአላ ሸክላ በእጁ እየጫረ ዜማ የሚያወጣ፣ ኮሚክስም የሚስል ሰው ነው። በ2000 ኒንጃ ቱን በተባለው የሙዚቃ አሳታሚ በኩል ያወጣው የመጀመሪያ አልበሙ ከራሱ ሥዕሎች ጋር ነው የወጣው፤ በ2003 ደግሞ "ኑፎኒያ መስት ፎል" የተባለ የሥዕል ልቦለድ አሳትሟል። የታወቁ ዘፈኖችን በገንዘብ ተከራይቶ ከመደርደር ይልቅ ለጌሙ አዲስ ሙዚቃ ሠራ፤ ከበሮው ገለጥ ብሎ፣ ጨፋሪው የሚገባበት ቀዳዳ ተትቶለት። ሂፕሆፕ ሲወለድ ጀምሮ የሌላውን ሸክላ ቆርጦ የሚኖር ጥበብ መሆኑ ለኢትዮጵያ አድማጭ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ናስና ዴሚያን ማርሌ በ2010 ለ"አዝ ዊ ኤንተር" ዘፈናቸው የቆረጡት ከሙላቱ አስታጥቄ "የግሌ ትዝታ" ነው።

ጌሙ እንከን የለውም ማለት አይደለም። በየዘፈኑ መሀል ነፃው ጭፈራ ተቋርጦ ተጫዋቹ ምቱን ተከትሎ ቁልፍ እንዲመታ የሚታዘዝበት ክፍል አለ፤ ያ ክፍል ቀሪው ጌም የሸሸውን ነገር በጓሮ በር ያስገባዋል። ታሪኩም ስስ ነው። ከመንገድ ዳር ተነስቶ እስከ ዓለም አቀፍ የሰላም ጉባኤ መጨፈር ፈገግ ቢያሰኝም ከቦታ ወደ ቦታ የሚያሻግር ክር የለውም። ከሁሉ የሚከፋው፣ ሰነባብቶ ለነጥብ ብቻ የሚጫወት ሰው ማሽኑ የሚወደውን ቅደም ተከተል ያገኝና ያንኑ ዘፈን ለዘፈን ይዞ ይዞራል። ማሽን በጽሑፍ ያልገባለትን ነገር ሊወድ አይችልም። ይህ የአንድ ጌም ብቻ ጉድለት ሳይሆን ጭፈራን በነጥብ የሚለካ ሁሉ የሚገጥመው ነው።

ኦሊምፒክንም ገጥሞታል። በ2024 ፓሪስ ላይ ኮንኮርድ አደባባይ ኦገስት 9 እና 10 ብሬክ ዳንስ በብሬኪንግ ስም ሲካሄድ ዘጠኝ ዳኞች ነበሩ፤ መመዘኛውም አምስት ነበር፦ ቴክኒክ፣ የእንቅስቃሴ ብዛትና ዓይነት፣ አፈጻጸም፣ ከሙዚቃ ጋር መስማማት፣ የራስ ፈጠራ። እያንዳንዱ 20 በመቶ ይይዛል። ጃፓናዊቷ አሚ በሴቶች፣ ካናዳዊው ፊል ዊዛርድ በወንዶች ወርቁን ወሰዱ። ዓለም ግን ያወራው ስለ አውስትራሊያዊቷ ሬይገን ነው፤ በሦስቱም ፍልሚያዋ 18 ለ 0 ተሸንፋ፣ እንደ ካንጋሮ ስትዘል የሚያሳየው ቪዲዮ ለሳምንታት መሳቂያ ሆነ። ብሬኪንግን ከ2028ቱ የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ያስወጣችው እሷ ናት የሚል ወሬም ተነዛ። ሐሰት ነው፤ ስፖርቱ ከዝርዝሩ የቀረው በ2023፣ ፓሪስ ከመድረሱ በፊት ነው።

ያን ቀን የጎደለው የዳኛ ብቃት አልነበረም፤ የተመልካች ዓይን ነው። አሚ ከሙዚቃው ጋር ስትሄድ ምን እያደረገች እንደሆነ፣ ሬይገን ዜሮ ያገኘችው ለምን እንደሆነ፣ በቤቱ ተቀምጦ የሚያየው ሰው የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ቁጥር ብቻ ደረሰው፣ ስለዚህ ሳቀ። "ፍሎር ኪድስ"ን አንድ ማታ የተጫወተ ልጅ ግን ፍሪዝ ከከበሮው ምት ጋር ሲገጥምና ሲስት ይለያል፤ መደጋገም ለምን እንደሚያሰለች በጣቱ ቀምሶታል። የኦሊምፒኩ አዘጋጆች ለተመልካች ማብራሪያ ያወጡት ግራፊክስ ሁሉ ተደምሮ ይህን ያህል አላስተማረም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ጌም ለጭፈራ ሌላም ሊያደርግ ይችላል፤ መዝረፍ። ኤፒክ ጌምስ "ፎርትናይት"ን በነፃ ይሰጥና፣ ገጸ ባሕርያቱ የሚጨፍሯቸውን አጫጭር ጭፈራዎች ይሸጣል። የብሩክሊኑ ራፐር ቱ ሚሊ የራሱን ጭፈራ "ስዋይፕ ኢት" በሚል ስም ሲሸጥ አይቶ በዲሴምበር 2018 ከሰሰ፤ ተዋናዩ አልፎንሶ ሪቤሮም እንዲሁ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በማርች 2019 ከክስ በፊት የቅጂ መብት ምዝገባ መጠናቀቅ አለበት ሲል ክሶቹ ተነሡ። የቅጂ መብት ቢሮው በበኩሉ የሪቤሮን ጭፈራ ቀላል ነው ብሎ ለመመዝገብ እምቢ አለ። ኮሪዮግራፈሩ ካይል ሃናጋሚ በ2022 ሲከስ ደግሞ የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ውድቅ ያደረገውን ይግባኝ ሰሚው በ2023 ቀሰቀሰው። ብሮንክስ ውስጥ ልጆች "ባይቲንግ" ብለው በአንድ ቃል የሚጨርሱት ክርክር ጠበቆችን ዓመታት ፈጀ። የ"ፎርትናይት" ጭፈራ አንድ ቁልፍ ነው፤ ይጫኑታል፣ ያልቃል፣ የማን እንደሆነ የሚነግር የለም።

አዲስ አበባ ውስጥ ፕሌይስቴሽን ቤት የገባ ሰው ባብዛኛው የሚሰማው የኳስ ጩኸት ነው። ቢሆንም አገር ውስጥ ጌም የሚሠሩ ወጣቶች ተነስተዋል፤ ቅኔ ጌምስ የምታመልጥ ዶሮ የምትሮጥበትን "ኩኩሉ"ን ለስልክ አውጥቷል። ከነዚህ አንዱ ነገ እስክስታን ልሥራ ማለቱ አይቀርም፤ ቀላሉ መንገድም ትከሻ የሚያንቀጠቅጥ አንድ ቁልፍ መሥራት ነው። የጎጃሙ፣ የጎንደሩና የወሎው ትከሻ ግን አንድ አይደለም። ሁለት ሰው ፊት ለፊት ገጥሞ አንዱ ያወረደውን ሌላው ሲመልስ፣ ከበሮው ሲፈጥን አንገት ቀድሞ ደረት ሲከተል፣ ትንፋሹ ከጭብጨባው ጋር ሲገባ፣ ይህን ሁሉ ወደ ቁልፍ የሚያመጣው ፕሮግራም ጻፊው ብቻውን አይሆንም። ጨፋሪው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እዚያው ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ ይኖርበታል፤ ደመወዙም ስሙም ከሠሪዎቹ ጋር ተጽፎ።