ለትንሽ ግቢ ስለሚበቃ የሣር ማጨጃ

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ ሆይ፤

ይህችን አሳቤን ለአንባቢዎች በተመደበው አምድ ላይ ታወጡልኝ ዘንድ በትሕትና እለምናለሁ። ነገሩ ለአንዳንዶች ትንሽ መስሎ ይታያቸው ይሆናል። ይሁን እንጂ በወር ደመወዝ ለሚተዳደር ሰው ትንሽ የሚባል ወጪ የለምና ቢነገር አይከፋም።

እኔ በአዲስ አበባ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። የምኖረው በቤት ሥራ ማኅበር በተሠሩ ቤቶች መካከል ሲሆን፥ በየቤታችን ፊት ለፊት ርዝመቱ 10፥ ወርዱ 8 ሜትር የሚሆን ሣር የበቀለበት ግቢ አለ። ክረምቱ ሲገባ አምስት ጐረቤታሞች ገንዘብ አዋጥተን አንድ የሣር ማጨጃ መኪና ለመግዛት ተነጋገርን። ከዚያ በኋላ ግን አሳባችን ለሁለት ተከፈለ። ከፊሎቹ «ከተገዛ አይቀር ሞተር ያለውና በቤንዚን የሚሠራው ይገዛ፤ በእጅ የሚገፋማ የድሮ ነው፤ ሰውስ ምን ይለናል?» ይላሉ። እኔ በበኩሌ በእጅ የሚገፋው ይበቃናል ባይ ነኝ። አንደኛው ጐረቤታችን ለሞተሩ የሚደርስበትን መዋጮ ለመክፈል፥ ለመስከረም የልጆቹ ደብተርና የደንብ ልብስ ብሎ ያስቀመጠውን ገንዘብ ሊያወጣ መነሣቱን በሰማሁ ጊዜ፥ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

አስቀድመን ሒሳቡን እንመልከት። መኪናው በአንድ ጊዜ የሚያጭደው ወርድ 40 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። ሳይታጨድ የሚቀር መሥመር እንዳይኖር በየጊዜው 10 ሳንቲ ሜትር እየደረብን ብንገፋ፥ 8 ሜትሩ በ27 መሥመር ያልቃል። እያንዳንዱ መሥመር 10 ሜትር ነውና ጠቅላላው 270 ሜትር ይሆናል። ይህ ብዙዎቻችን ጠዋት ከታክሲ ወርደን መሥሪያ ቤታችን እስክንደርስ ከምንሄደው መንገድ ያነሰ ነው። ለ270 ሜትር መንገድ ሞተር፥ ቤንዚን፥ ዘይትና መካኒክ መፈለግ ምን ይባላል?

«የድሮ ነው» ለሚሉት ደግሞ መልስ አለኝ። ድሮነቱ እውነት ነው። የሣር ማጨጃን መኪና ኤድዊን በዲንግ የሚባል እንግሊዛዊ በ1830 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የፈለሰፈው፥ በጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የሱፍን ጨርቅ ጠጕር እያስተካከለ የሚላጨውን መኪና አይቶ ነው። የእንግሊዝ ኩባንያ የሆነው ራንሶምስ በቤንዚን የሚሠራውን ለገበያ ያወጣው በ1902 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው። ነገር ግን መቀስ ከሁለቱም የቆየ መሣሪያ ሆኖ ሳለ፥ ልብስ ሰፊው ሞተር ስላልተገጠመለት መቀሱን ሲጥል አላየንም።

መቀስን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በእጅ የሚገፋው መኪና ሣሩን የሚቈርጠው እንደ መቀስ ነው። ጐማው ሲሽከረከር በከበሮ መልክ የተደረደሩት ስለቶች አብረው ይዞሩና ሣሩን ከሥር ከተጋደመው ቢላዋ ጋር አገናኝተው ይሸልቱታል። አብዛኛው የሞተር ማጨጃ ግን አንድ ጋድም ቢላዋ በደቂቃ እስከ 3000 ጊዜ እያዞረ ሣሩን በፍጥነት ይመታዋል። ቢላዋው የዶለዶመ እንደ ሆነ የሣሩ ጫፍ ይተለተላል፤ በማግሥቱም ግቢው ነጣ ብሎ ይታያል። ከሁሉ የሚከፋው ጠጠር ሲያገኝ ነው። ጠጠሩን እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ይወረውረዋል። ልጆች በሚሯሯጡበት ጠባብ ግቢ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በእጅ የሚገፋው መግፋት ሲቆም ስለቱም ይቆማል፤ ቢሆንም ስለት ስለት ነውና ልጆች እንዳይነኩት መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ደግሞ የአገራችንን የአየር ጠባይ ማሰብ ይገባል። ውኃ ካልተጠጣ በቀር በበጋ ሣራችን አያድግም። ሞተሩ እንግዲህ ከኅዳር ጀምሮ ለወራት ሥራ ፈትቶ ይቆማል። በውስጡ የቀረው ቤንዚን ከጊዜ ብዛት ይበላሽና ካርቡራተሩን እንደ ሙጫ ይደፍነዋል። ክረምት ሲመጣ ገመዱ ቢሳብ፥ ቢሳብ አይነሣም፤ ከዚያ በኋላ መካኒክ ፍለጋ ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ይሻለናል የሚሉም አሉ። ሣሩ በሚያድግበት በክረምት፥ እርጥብ መሬት ላይ የመብራት ገመድ እየጐተቱ መሥራትን ግን እኔ አልወደውም።

በእጅ የሚገፋው ጕድለት የለበትም አልልም። ሣሩ ከጕልበት በታች ሆኖ ቢረዝም እንኳ አይችለውም፤ ስለቱ ከመቍረጥ ይልቅ ወደ ፊት ያጋድመዋል። ስለዚህ በክረምት ቢያንስ በየሳምንቱ ማጨድ ግዴታ ነው። ልኩም፥ በአንድ ጊዜ ከቁመቱ ሢሶውን ብቻ መቍረጥ ነው። ሣሩ 4 ሳንቲ ሜትር እንዲሆን የሚፈልግ ሰው 6 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ ማጨድ አለበት። እንዲሁም ሰርዶ ለዚህ መኪና ይመቻል፤ ኪኩዩ የሚባለው ግን እርስ በርሱ እየተሳሰረ እንደ ፍራሽ ስለሚወፍር መግፋቱ ያደክማል።

ለመግዛት የሚሄድ ሰው የቀለሙን ማማር ትቶ ስለቶቹን ይቍጠር። ስለቱ ሲበዛ አጨዳው ይጠራል፤ ግን መግፋቱ ይከብዳል፥ ረዘም ያለውንም ሣር አያስገባም። ለእኛ ዐይነቱ ግቢ አምስት ስለት ይበቃል። ወርዱም ከ35 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ቢሆን በጠባብ ቦታ ለመዞር ያመቻል። የሣሩን ቁመት ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ማስተካከያ እንዳለው፥ በሥር ያለውን ቢላዋ ወደ ስለቱ የሚያቀርቡት ብሎኖች በግራም በቀኝም እንደሚዞሩ ይመልከት። ከዚያም አንዲት ብጣሽ ጋዜጣ (ይህንኑ ጋዜጣ፥ አንብቦ ከጨረሰው በኋላ) በስለቱና በቢላዋው መካከል አግብቶ ከበሮውን በቀስታ ያዙረው፤ እጁን ግን ያርቅ። ወረቀቱ ከዳር እስከ ዳር በየቦታው እንደ መቀስ ጥርት ብሎ ከተቈረጠ መኪናው ደኅና ነው። ከታጠፈ ወይም ከተቀደደ በብሎኑ ይስተካከል፤ ተስተካክሎም እንቢ ካለ ለሻጩ ይተውለት። ያገለገለም ቢሆን በዚህ ፈተና ካለፈ ከመግዛት ወደ ኋላ አልልም።

እኔ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ አንድ አሮጌ መኪና ነበረ። ቅዳሜ ቅዳሜ በተራ የምንገፋው እኛ ተማሪዎች ነበርን፤ በየዓመቱም የሞተር ቫልቭ የሚሞረድበትን ሻካራ ቅባት ስለቱ ላይ ቀብተው ከበሮውን ወደ ኋላ በማዞር ሲስሉት አይቻለሁ። ቅባቱ ዛሬም ጋራዥ ለሚሠራ ሰው እንግዳ አይደለም።

በዚህ ነገር ሳይነሣ ሊታለፍ የማይገባው፥ እስከ ዛሬ በየቤታችን በማጭድ እያጐነበሰ ሲያጭድልን የኖረው አባት ነው። አንዳንዶች መኪናው ከተገዛ እርሱ ይቅር ብለዋል። ይህን አልተቀበልሁም። ከክረምቱ በፊት ጠጠሩን የሚለቅም፥ አጥር ሥር መኪናው የማይደርስበትን በማጭድ የሚያነሣ፥ የረዘመውንም አስቀድሞ የሚያጭድ ሰው ያስፈልጋል። መኪናውን የሚገፋልንም እርሱ ይሁን፤ ሒሳቡም እንደ ቀድሞው በየቤቱ ይከፈለው። በሞተሩና በሚገፋው መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ከዚህ በላይ ይችላል።

የቀረኝ ለነጋዴዎች የማቀርበው ልመና ነው። መኪናውን ስታስመጡ ከሥር የሚጋደመውን ቢላዋና ብሎኖቹን ለብቻቸው አስመጡልን። ቢላዋው አልቆ መለወጫ ያጣ እንደ ሆነ፥ ደኅናው መኪና ለቍራሌው ይቀራልና።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከአዲስ አበባ