ሙያና ጥንቃቄ፦ ለትንሽ ሞተር ትንሽ ዘበኛ



ባለፈው ሳምንት ከማታው ትምህርት በኋላ አንድ የብየዳ ቤት ባለቤት ወደ እኛ መጡ። «መምህር፣ ማጭድና መጥረቢያ የሚስል ትንሽ ሞተር ገዛሁ። የብየዳው መስመር ግን 32 አምፔር ነው አሉኝ። ትልቁ መስመር ትንሹን ሞተር አያቃጥለውም ወይ?» ሲሉ ጠየቁን። ጥያቄው የብዙ ሰው ነውና እዚህ እንመልሰዋለን።

ጋኑ ትልቅ ስለሆነ ጠጪው ጋኑን ሁሉ አይጠጣም። የሚጠጣው የጥሙን ያህል ነው። ሞተርም እንደዚሁ ነው። ለ220 ቮልት የተሠራ ሞተር 220 ቮልት ካገኘ፣ የሚያስፈልገውን ብቻ ይወስዳል። ባለ 370 ዋት ሞተር 3 አምፔር ያህል ይበቃዋል።

ታዲያ አደጋው የት ላይ ነው? ድንጋዩ ብረት ነክሶ ሲቆም ነው። ያን ጊዜ ሞተሩ ከ4 እስከ 6 እጥፍ ይስባል። ይህም እስከ 18 አምፔር ይደርሳል። በሳጥኑ ውስጥ ያለው ብሬከር ዘበኛ ነው። ነገር ግን ይህ ዘበኛ የሚነቃው ከ32 በላይ ሲያልፍ ነው። ለ18 አይነቃም። ሞተሩ ውስጥ ውስጡን ይቃጠላል። ሽቦው ቀጭን ከሆነም ይግላል፤ ላስቲኩ ይቀልጣል፤ እሳት ይነሳል።

ምን ይሻላል?

1. ለሞተሩ የራሱ ትንሽ ብሬከር ይግባለት። ለዚህ ሞተር 6 አምፔር ይበቃል። ከዚያ እስከ ሞተሩ ያለው ሽቦ 1.5 ይሁን።

2. በሞተሩ አምፔር ልክ የሚስተካከል የሞተር መጠበቂያ ይታሰርለት።

3. አረንጓዴና ቢጫው ሽቦ፣ ማለት የመሬቱ ሽቦ፣ ከሞተሩ አካል ጋር ይታሰር። ይህን ሽቦ «ትርፍ ነው» ብላችሁ አትቁረጡ። ሰው የሚያድነው እሱ ነው።

4. ብሬከሩ ደጋግሞ ቢወርድ በትልቅ አትለውጡት። ሞተሩን አስመርምሩ።

5. ሳጥኑን የሚከፍተው የመብራት ባለሙያ ብቻ ነው። እሱም ዋናውን አጥፍቶ፣ መጥፋቱን በመሞከሪያ አረጋግጦ ይጀምር።

በማግስቱ እኚሁ አባት በሞተሩ ላይ የተለጠፈውን ቆርቆሮ በጨርቅ ወለወሉ። መነጽራቸውን አድርገው ቁጥሩን ራሳቸው አነበቡ። «2 ነጥብ 8» አሉ። ከዚያም ባለሙያ ሊጠሩ ሄዱ።

እናንተም ሞተር ከማሳሰራችሁ በፊት ቆርቆሮውን አንብቡ። ለሳምንት በሰላም ያገናኘን።