ማስረጃው ለአንባቢው ይታይ!



«የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ የሥራ ፈት መጽሐፍ ነው፤ የአሁኖቹም ደራስያን የጥንቶቹን ከመቅዳት በቀር የሠሩት የለም» የሚሉ አሉ። ይህ አነጋገር ካለማንበብ የመጣ ነው።

የጥንቶቹ ደራስያን ያወረሱት ቁም ነገር የሼርሎክ ሆልምስ ባርኔጣና ፒፓ አይደለም፤ ሕግ ነው። እንግሊዛዊው ቄስ ሮናልድ ኖክስ በ1929 እ.ኤ.አ. በጻፋቸው 10 ሕጎች፥ መርማሪው ያገኘው ፍንጭ ሁሉ ወዲያው ለአንባቢው እንዲታይ አዘዘ፤ ከተፈጥሮ ውጭ የሆነን ኃይል ከለከለ። መርማሪ ሌባሻይ አይደለምና!

ጃፓናዊው ዩኪቶ አያትሱጂ በ1987 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ልብ ወለድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በደሴት ላይ አንድ በአንድ ይገደላሉ። አሳቡ የአጋታ ክሪስቲን የ1939 መጽሐፍ ይከተላል፤ ተማሪዎቹም በጥንቶቹ ደራስያን ስም ይጠራራሉ። ደራሲው ዕዳውን አልደበቀም፤ በዚያው ሕግ ግን አዲስ እንቆቅልሽ ሠራ። በጉባኤ ቃና ልክ አዲስ ቅኔ የሚቀኝ ተማሪ ሌባ ይባላልን?

ነቀፋ የሚገባውስ ፍንጩን ደብቆ፥ በመጨረሻው ገጽ የማናውቀውን ሰው «ገዳዩ ይህ ነው» ብሎ የሚያመጣብን ደራሲ ነው።

ያለ ማስረጃ የተሰጠን ፍርድ በልብ ወለድ እንኳ አልቀበልም ያለ አንባቢ፥ በሸንጎም ቢሆን በቀላሉ አይታለልም። ስለዚህ መምህራን ሆይ፥ እነዚህን መጻሕፍት ከክፍል አታርቁብን!