በሐረር ሁለት ፓርቲ ነበር፣ አሁን አንድ ነው፤ ወንበሮቹስ?

የሐረሪ ክልል ምክር ቤት 36 ወንበር አለው። ከነዚህ ውስጥ 14ቱን የሚመርጡት ሐረሪዎች ብቻ ናቸው፤ ያውም አዲስ አበባና ድሬዳዋ ያሉት ጭምር። ሌላ ክልል ላይ የማታገኙት አሰራር ነው። ከየት መጣ?

ትንሽ ወደ ኋላ እንሂድ። በ1940 ዓ.ም "ኩሉብ" በተባለው እንቅስቃሴ ሐረሪዎች ከሶማሊ ወጣቶች ሊግ ጋር ሆነው አቤቱታቸውን ይዘው እስከ ሞቃዲሾ መልእክተኛ ላኩ። ከመንግሥት የመጣው መልስ እስርና የንብረት ውርስ ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙ ቤተሰብ ጀጎልን ለቆ ወጣ።

በ1983 ደርግ ሲወድቅ በብሔር የተደራጁ ፓርቲዎች በየቦታው ብቅ አሉ። በ1987 ሕገ መንግሥቱ ሐረሪን ራሱን የቻለ ክልል ሲያደርግ፣ የሐረሪ ብሔራዊ ሊግ (ሐብሊ) እና ኦህዴድ ክልሉን አብረው መምራት ጀመሩ። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ 14ቱ ላይ ከጀጎል የሚመረጡ 4 ሲጨመሩ ሐብሊ 18፣ ኦህዴድም 18። እኩል ለእኩል።

ፍትሐዊ ነው? በ1999ኙ ቆጠራ ከክልሉ ሕዝብ ኦሮሞ 56 በመቶ፣ አማራ 23 በመቶ ገደማ ነበር፤ ሐረሪ ከ10 በመቶ በታች። ዋስትናው ባይኖር ሐረሪዎች በገዛ ከተማቸው ምክር ቤት ድምፅ ሊያጡ ይችሉ ነበር። እዚሁ ተወልዶ ያደገ አማራ ወይም ጉራጌ ደግሞ እንዲህ ያለ ዋስትና የለውም። ሁለቱም እውነት ነው።

እኛን የሚያሳስበን ግን ሌላ ነው። ሁለቱ ፓርቲዎች ወንበር ተካፈሉ እንጂ በሐሳብ አልተፎካከሩም። ውጤቱ ቀድሞ ከታወቀ መራጩን ለማሳመን ማን ይደክማል? የሐረማያ ሐይቅ ደርቆ ከተማዋ ውሃ ሲጠማት እንኳ "የኔ መፍትሔ ከሱ ይሻላል" ብሎ በምርጫ የሚከራከር ጠንካራ ተፎካካሪ አልነበረም።

ኅዳር 2012 ላይ ሁለቱም ብልጽግና ውስጥ ገቡ። በ2013 ምርጫ ቦርድ "ከክልሉ ውጭ ያሉ ሐረሪዎች መምረጥ አይችሉም" ሲል ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ፍርዱም ለሐረሪዎች ሆነ። የክልሉ ምርጫ መስከረም 20 ቀን 2014 ተካሄደ።

ስለዚህ ወንበሩ ተጠብቋል። ግን ወንበር መኖሩ አንድ ነገር ነው፣ ምርጫ መኖሩ ሌላ። ድሮ በሁለት ፓርቲ መካከል የነበረው ድርድር ዛሬ የአንድ ፓርቲ የውስጥ ጉዳይ ሆኗል፤ እኛ ደግሞ የምንሰማው ካለቀ በኋላ ነው። በሚቀጥለው ምርጫ ድምፅ ለሚጠይቃችሁ ሁሉ፣ ከየትኛውም ብሔር ይሁን፣ መጀመሪያ ይህን ጠይቁት፦ ከሌላው በምን ትለያለህ?

እናንተስ ምን ትላላችሁ?